ሰባተኛው ሳምንት

«ነፍሰ ጡር ሆና በጨረቃ ግርዶሹ ቀን ሽንኩርት ከትፋለች፤ ቢላዋው ያረፈው ልጁ ከንፈር ላይ ነው!» አሉ ፑፊ ዘሪና፣ ሻያቸውን ወደ ሳህኑ ገልብጠው ፉት እያሉ። ለወተት ሻጩም፣ ለመንደሩ ሴቶችም ያሉት ይህንኑ ነው። የሸህላ ፑፊ፣ ማለትም የአባቷ እህት ናቸው፤ አንድ ወሬ ከያዙ አይለቁም።

ሸህላ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ትቁነጠነጣለች። የባዮሎጂ ፈተናው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። የተሰነጠቀ ከንፈር በነጻ የሚሰፉት ሐኪሞች ደግሞ የሚመዘግቡት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ ካለፈ፣ የሚመለሱት በዓመቱ።

እናቷ የአምስት ወር ልጇን የሻህሜርን ፊት በሻሿ ሸፍና ተቀምጣለች።

«አሚ፣ ተነሺ እንጂ!»

«‹ባለቢላዋዋ መጣች› ሊሉኝ?»

የሸህላ ደም ፈላ። «ግርዶሹ ሲሆን እኮ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ! ፊት የሚሠራው በሁለተኛው ወር ነው። ሴሎች መልእክት ይላላካሉ፤ ‹አንተ አጥንት ሁን፣ አንቺ ወደ መሃል ነይ› እየተባባሉ። ከግራና ከቀኝ መጥተው በሰባተኛው ሳምንት ገደማ አፍንጫ ሥር ይገጥማሉ። ሻህሜር ላይ መልእክቱ በትክክል ሳይደርስ ቀረ። በቃ! ቢላዋ የለ፣ ጨረቃ የለ!»

«ኤዲያ! ሴሎቹ ስልክ አላቸው እንዴ?»

«ከእርስዎ ወሬ ይፈጥናሉ፣ ፑፊ።»

«ምላሷን እዩልኝ! ይቺን ማን ያገባታል?»

እናቷ አልሳቀችም፤ አልተነሳችምም።

ሸህላ ሰዓቷን አየች። ዓመቱን ሙሉ ለአንደኝነት ስትፋለም ከርማለች፤ ዛሬ የሚጠየቀውን ሁሉ ታውቀዋለች። የሚያናድዳትም እያወቀችው ሊያመልጣት መሆኑ ነው። ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ ወረወረች። ልጁን ከእናቷ ክንድ ወሰደችና ሻሹን ከፊቱ ገፈፈችው።

«ሳትሸፍኚው?» አለች እናቷ።

«ሳልሸፍነው።»

በመንደሩ መሃል፣ ሰው እያያት፣ እየፈጠነች ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። እናቷ ናት፤ የአንድ እግር ጫማዋ ከሌላኛው ጋር አይመሳሰልም።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ቁጥር እናቷ እጅ ላይ ነበር፤ ሸህላን የሚጠብቃት ደግሞ የፈተና ዜሮ። መዝጋቢዋ «በቤተሰቡ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ የተወለደ አለ?» ብላ ጠይቃ፣ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሸህላ ይህን ስትተርክ ፑፊ ዘሪና ልጁን ተቀብለው ከንፈሩን ረጅም ጊዜ አዩ።

«የኔ በኩር እንዲሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ አንድ ቀን ኖረ። በዚያ ዓመት ግርዶሽ የሚባል ነገር አልነበረም።»