ቁጥር 214፣ ባለቤት

የሰባት ዓመቷ ሳምራ ውኃ እየጠማት፣ ውኃ እየፈራች ሞተች። ሐኪሞቹ የእብድ ውሻ በሽታ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን አባቷ ጦና ገጀራ ይዞ የጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን የማሞን በር ሲደበድብ፣ ኢንስፔክተር ሽታዬ ከሶዶ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች።

«የዚህ ሰውዬ ውሻ ነው ልጄን የበላት!»

«የእኔ ውሻ? ድመት ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባው?» አለ ማሞ። «ለመስከረም ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ሽታዬ ገጀራውን ተቀበለች። የማሞ ውሻ ጭራውን እየቆላ ጫማዋን አሸተተ።

«ሳምራ መቼ ተነከሰች?»

«ማን አየ? ሐምሌ ላይ እጇ ተጭሮ ነበር፤ ሽቦ ነው አለችኝ» አለ ጦና።

«የእናንተ ውሻስ?»

«ቡቺ? በዚያው ሰሞን ጠፋ። እሱ የተመዘገበ ነው፤ አንገቱ ላይ ቁጥር አለው። እናቷ በጡጦ ነው ያሳደገችው።»

ሽታዬ የልጅቷን መኝታ አየች። ራስጌው ላይ ባለቀጭን አፍ ቻርጀር ተሰክቷል፤ የጦና ስልክ የሚወስደው ግን ወፍራሙን ነው። ግድግዳው ላይ ባለፈው ሚያዝያ የሞተችው እናቷ የጣፈጠች ፎቶ ተሰቅሏል።

ከዚያ የሰፈሩን ውሾች ወደመዘገበው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወደ ኤልሻዳይ ሄደች።

«ቁጥር 214 ሐምሌ 24 ሻንቶ ላይ ሰው ሲያሳድድ ተገደለ። ማበዱ በምርመራ ተረጋግጧል» አላት። «አብረውት የነበሩት እንዲከተቡ ባለቤቱ ጋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። መልስ የለም።»

መዝገቡን አዞረላት። ሽታዬ የባለቤቱን ስምና ስልክ ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠች።

በማግስቱ ጦናን፣ ማሞንና ኤልሻዳይን ከነመዝገቡ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ያበደ ውሻ ከነከሰ በኋላ አሥር ቀን አይቆይም። የማሞ ውሻ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሳምራን የነከሳት ቡቺ ነው። ውሻው እንዳይገደልባት ሽቦ ነው ብላ ንክሻውን ደበቀች፤ ከእናቷ የቀረላት እሱ ነበር።»

«ውሸት! ቢያብድ ይደውሉልኝ ነበር!»

«አቶ ጦና፣ ጥር ላይ ሲያስመዘግቡት ምን ብለው ጠየቁዎት?»

«ይሄ ልጅ ‹ባለቤት ማን ነው?› አለኝ። ጣፈጠች አልኩት። ‹ስልክስ?› አለ፤ ስልኳን ነገርኩት። ያኔ ሆስፒታል ተኝታ...»

ጦና ወደ ኤልሻዳይ ዞረ።

«እኔ እኮ የውሻውን ባለቤት ነው የጠየቅኩት» አለ ኤልሻዳይ በቀስታ።

ሽታዬ ከሳምራ የትምህርት ቤት ቦርሳ አንዲት አሮጌ ስልክ አወጣች። «የእናቷ ናት። ድምፅዋን ዘግታ፣ ቻርጅ እያደረገች ደብቃት ነበር። ቻርጀሩን ሳይ ጠረጠርኩ። አምስት ያልተነሱ ጥሪዎች አሉ፤ ሁሉም ከኤልሻዳይ ነው።»

«ስድስተኛውስ?» አለ ማሞ።

ኤልሻዳይ አቀረቀረ። «ስድስተኛው ተነስቷል። ልጅ ናት ያነሳችው። ‹እማዬ የለችም› አለችኝ። ‹ስትመጣ ትደውልልኝ በያት› ብዬ ዘጋሁት።»

ማሞ ተነሥቶ ጦና አጠገብ ተቀመጠ። ጦና ከኤልሻዳይ ኪስ እስክሪብቶ ወሰደ፣ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ፣ የሚስቱን ስም ሰረዘና የራሱን ጻፈ። ስልኩንም ቁጥር በቁጥር ጻፈ።

«በል» አለው፣ «አሁን ደውልልኝ።»