የኡልፋር ሞት በእንፋሎት ቤት

የኪየቭ ልዑል ግብር ሰብሳቢ ኡልፋር፣ በኡዛ ወንዝ ዳር ባለችው የጫካ መንደር፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት ወለል ላይ ራቁቱን ሞቶ ተገኘ። ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፤ ፊቱ ብቻ እንደ ሰከረ ሰው ቀልቷል። የልዑሉ ጦር በረዶ የሆነውን ወንዝ እየረገጠ በመምጣት ላይ ነው። ሲደርስ ገዳዩ ካልተሰጠው መንደሩን እንደሚያቃጥል የማያውቅ አልነበረም።

ከግብር ሰብሳቢዎቹ ጋር የሚዞረው ሽማግሌ ዳኛ ፑትሻ ሬሳው ላይ አጎነበሰ። የእሱም መንደር፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነድዷል።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ብቻውን ቀረ። በዚህ አገር እንፋሎት ቤት ሲሞቅ ጭሱ ከጣሪያው ስር ባለች ቀዳዳ ይወጣል፤ ሰው የሚገባው ፍሙ ተጠርጎ ከተደፋ በኋላ ነው። ምድጃው ባዶ ነበር። አግዳሚው ስር ግን፣ በጨለማው ጥግ፣ የከሰመ ፍም የሞላ ማሰሮ በእጁ ዳበሰ። እዚያው ተወው፤ ለማንም አልተናገረም። በውጭ በኩል ዞሮ ሲያይ ቀዳዳዋ በቁራጭ ብርድ ልብስ ተወትፋለች። ከስሯ ባለው በረዶ ላይ የአንድ ሰው ኮቴ ብቻ ታትሟል፤ መቆሚያ የሚሆን ግንድ ያረፈበት ምልክት ግን የለም።

ኡልፋር በሞተበት ምሽት አብረውት የመጡት ወታደሮች ሁሉ በመንደሩ ሹም አዳራሽ ሲጠጡ ነበር። ወጣ ብለው የተመለሱት ወገቡ የጎበጠው ሹሙ ስታቭርና የኡልፋር ምክትል ረጅሙ ቱርበርን ብቻ ናቸው። ሦስተኛዋ ተጠርጣሪ እንፋሎት ቤቱን የምታሞቀው አጭሯ መበለት ኔዝዳ ነበረች።

«ትጠይው ነበር?» አላት ፑትሻ።

«እንዴት አልጠላው ጌታዬ? አምና ግብር ጎደለ ብሎ ልጄን ነድቶ ሸጠው። ፍሙን ግን ጠርጌ ደጃፉ ላይ ደፍቻለሁ፤ ሄደው ይዩት።»

ሄዶ አየ። ደጃፉ ላይ በረዶው ቀልጦ ጠቁሯል።

ስታቭር በበኩሉ፣ ኡልፋር ረሃቡን አይቶ ዘንድሮ ለግብር ከሚሰጠው የአውሬ ፀጉር ቆዳ ግማሹን ብቻ ሊወስድ ተስማምቶ እንደነበር ነገረው። «እሱ ሲሞት እኛም አብረነው ሞተናል» አለ።

ቱርበርን መጥረቢያውን እየሳለ ነበር። «ምን ያደክምሃል፣ ሽማግሌው?» አለ ቀና ሳይል። «ሴትዮዋ ናት። ፍሙን በማሰሮ አድርጋ አግዳሚው ስር ሸጉጣለት በጭስ ፈጀችው።»

ፑትሻ አመስግኖት ወጣ። ከዚያም ሁሉም አዳራሹ እንዲሰበሰቡ አደረገ። የጦሩ መለከት ከወንዙ በኩል መሰማት ጀምሯል።

«ኡልፋር የሞተው በፍም ጭስ ታፍኖ ነው» ብሎ ጀመረ። «ኔዝዳ የራሷን ፍም ደጅ ደፍታለች። ሌላ ፍም ያስገባው ሰው ቀዳዳዋን ከውጭ ወትፏል፣ ያውም መሬት ላይ ቆሞ። ኔዝዳ አትደርስባትም። ስታቭር ወገቡ አይቀናም። በየበሩ የሚያጎነብስ ረጅም ሰው ግን ይደርሳል። ማሰሮውን ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ቱርበርን ግን የት እንደተሸጎጠ ነገረኝ። ኡልፋር ግማሹን ቆዳ ምሯል፤ መንደሩ ከተቃጠለ ግን ሁሉም ምርኮ ነው፤ ቱርበርንም ድርሻውን ያገኛል።»

ቱርበርን ሳቀ። «እነዚህ የእኔ ሰዎች ናቸው። ማን ይይዘኛል?»

ፑትሻ ፊቱን ወደ አግዳሚዎቹ አዞረ። «ለኡልፋር በሰይፋችሁ ምላችሁለት ነበር» አለ ወታደሮቹን።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ወታደር ተነሣ። ዳኛውን ሊቆርጠው መስሏቸው ሴቶቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። እሱ ግን ቱርበርን ፊት ቆሞ መጥረቢያውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሌሎቹም ተነሥተው ከበቡት።

የጦሩ አዛዥ የታሰረውን ሰው ተረከበ። መንደሩን አላቃጠለም። ቆዳውን ግን አንድም ሳይምር ወሰደ፤ ኮረብታው ላይም የግንድ ምሽግ እንዲሠራና ወታደር እንዲሰፍርበት አዘዘ።

ፑትሻ ፈረሱን ሲጭን ኔዝዳ መጣች።

«ዘንድሮ አንቃጠልም ማለት ነው?»

«አትቃጠሉም።»

«ከርሞስ?»

«እሱን የሚያውቀው ልዑሉ ነው» አለ ፑትሻ፤ የጠበቀውን የኮርቻ መወጠሪያም ፈትቶ እንደገና ማጥበቅ ጀመረ።