አራቱን ማን ጻፈው?

ባባ ቾሎም ሞተው የተገኙት በጎልፍ ሜዳው ዘጠነኛ መደብ፣ በኳሱ ጉድጓድ ዙሪያ በተነጠፈው አሸዋ ላይ ነበር፤ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ኮፍያቸው ወልቆ፣ ማጅራታቸው ተፈንክቶ። ያየውን ሁሉ ያስደነገጠው ግን ቁስሉ አልነበረም። ነፋስ እንዳይበትነው በተቃጠለ የሞተር ዘይት የተለወሰው አሸዋ ከዳር እስከ ዳር እንደተተኮሰ ልብስ ለስልሶ ነበር። የገዳዩ ቀርቶ የሟቹም ዱካ የለበትም።

መደቡን የሚንከባከበው ዳቹንግ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አያቸውና ዳር ቆሞ እሪ አለ እንጂ አልረገጠም። በራፊን ኩራ የጎልፍ ክለብ ወሬ ከሀርማታን ነፋስ ይፈጥናል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገዳዩ መንፈስ ነው ተባለ። ሳጅኑ በመንፈስ አያምንም። ስለዚህ ካኔንግ ፓም የምትባለውን ሴት ያዘ።

እውነት ለመናገር፣ እሷን የሚይዝበት ምክንያት አላጣም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ በሦስተኛው ብሔራዊ ሻምፒዮና፣ አባቷ ዳቮው ፓም ከቢትረስ ጊያንግ ባነሰ ምት ጨርሶ አሸንፎ ነበር። ግን በመጨረሻው ጉድጓድ አምስት ጊዜ መትቶ የምት መመዝገቢያ ካርዱ ላይ አራት ተብሎ ተገኘ። አጭበርባሪ ተብሎ ተባረረ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ዋንጫውን ቢትረስ ወሰደ፤ ከአገሬው ሰው የመጀመሪያው ባለዋንጫ እየተባለም እስከ ዛሬ ይኖራል። የድሉ ሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ነገ ሲከፈት የክለቡ ሕንፃ በስሙ ሊሰየም ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ካኔንግ፣ የዚያን ቀን የአባቷን የጎልፍ ዱላ ከረጢት በተሸከሙት በባባ ቾሎም ላይ ስትጮህ ብዙ ሰው ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ጁማይ ዋኪሊ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ጎልፍ አትወድም፤ ኳስ አሳድዶ ከመምታት ጎመን መኮትኮት ይሻላል ባይ ናት። ከመደቡ ዳር ቁጢጥ ብላ አሸዋውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን ያለሰለሰው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማዳም» አለ ዳቹንግ። «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የምጎትተው፤ ጸሐፊው ያዘዙት እንደዚያ ነው። ይሄ ቀንድ አውጣ ነው።»

«የምን ቀንድ አውጣ?»

«ከጉድጓዱ ይጀምሩና እየዞሩ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ማለስለሻውን ይጎትቱታል። የራስን ዱካ እየበላ ይወጣል። የድሮዎቹ አጎታተት ነው።»

መስመሩ እውነትም ከጉድጓዱ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይሰፋል። ሬሳው ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ጫፍ ታክኮ ዞሯል። ረጅሙ የብረት ማለስለሻ ጥግ ላይ በሥርዓት ተጋድሟል፤ ጫፉ ደም አለበት። አሸዋው ሲለሰልስ የሚነቀለው የጉድጓዱ ምልክት ባንዲራ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሰው ገድሎ ባንዲራ መልሶ የሚተክል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጨዋ ተጫዋች» አለ ዳቹንግ፤ ወዲያው ያለው ነገር አስደነገጠው።

ካኔንግ በዕቃ ቤቱ ውስጥ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣ ነበር።

«ተጣላችሁ?»

«ጮህኩባቸው። ማዳም፣ አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ስሙን መጻፍ ብቻ ነው የተማረው።»

«ታዲያ አራት ብሎ እንዴት ጻፈ?»

«በዚህ ጨዋታ ሰው የራሱን ምት አይጽፍም። ተጋጣሚው ይጽፍለታል፤ እሱ ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ጥፋቱ የፈረመው ነው። ቢትረስ ‹እኔ አምስት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሰርዞ አራት አድርጎታል› አለ። ዳኞቹ ካርዱን ሳያገላብጡ አመኑት። ባባ ቾሎም ግን ካርዱን ከጣሉበት አንስተው ደብቀውት ኖሯል። ትናንት ከኮፍያቸው ገበር አውጥተው አሳዩኝ። ስርዝ የሚባል ነገር የለበትም!»

«ለምን ያን ጊዜ አልተናገሩም?»

«እኔስ የጮህኩት ለምን ይመስልዎታል? ‹እንጀራዬን ፈራሁ ልጄ› አሉኝ። ‹አሁን ግን ቢትረስን ማምሻውን አነጋግረዋለሁ፤ ነገ እሱ ራሱ በአፉ ይናገረዋል› አሉኝ። አመንኳቸው።» የታሰሩ እጆቿን ዘረጋች። «አባቴን የሚያነጻው ያ ካርድ ብቻ ነው። እሳቸውን ገድዬ ምን አተርፋለሁ?»

ጁማይ ኮፍያውን ፈተሸችው። ገበሩ ተቀዷል፤ ካርድ የለበትም።

የክለቡ ጸሐፊ ኦክውዲሊ ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው። «አዎ፣ ከባባ ቾሎም ጋር አልስማማም ነበር። አሸዋውን አንስቼ ሳር ልትከል ስል ‹ሬሳዬን ተራምደህ ነው› ይሉኝ ነበር። ግን ማዳም፣ ሰው በሳር ይገደላል?»

«በመሬት ሲገዳደሉ አይቻለሁ» አለችና አሰናበተችው።

ቢትረስ ጊያንግ በረንዳው ላይ የኮላ ፍሬ እያኘከ ጠበቃት። ረጅም ነጭ ጀለቢያው እንከን የለውም።

«ማምሻውን የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። ጉልበቴ ታሟል። አሸዋ ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል።»

«ዳቮው ለምን አጭበረበረ?»

«ሰው ነዋ! ዋንጫ አጓጓው።»

«በአምስቱም እኮ በአንድ ምት ይበልጥዎት ነበር።»

ቢትረስ ማኘኩን አቆመ። «ስሌት አያውቅም ነበር» አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በመደቡ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ አሸዋው በፖሊስ ጫማ ተበጥብጧል። ሌላ ማለስለሻ ቀረበ። ሳጅኑ የካኔንግን ካቴና ፈታ።

«ገዳዩ ዱካውን ያጠፋው በቀንድ አውጣ አጎታተት ነው» አለች ጁማይ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እስቲ ሦስታችሁም ተራ በተራ ጎትቱልኝ።»

ጸሐፊው ቀጥ አድርጎ ጀመረ፤ መሃል ላይ እግሩን በማለስለሻው ጠልፎ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ካኔንግ ወደ ፊት እየገፋች ሄደች፤ ዱካዋ ከኋላዋ ተከተላት። ቢትረስ ማለስለሻውን ተቀበለ፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንገላታው። አሸዋው ፍየል የዋለበት ማሳ መሰለ።

 ይህን ሲያይ ዳቹንግን አላስችል አለው። «ኦጋ፣ አለቃዬ! ቀንድ አውጣን ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት!»

«እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር» አለች ጁማይ። «ሁለቱ አለመቻላቸውን አሳዩ። እርስዎ መቻልዎን ደበቁ። የአገሪቱን ዋንጫ በአሸዋ ላይ የወሰደ ሰው እንዲህ የሚጎትተው የሚደብቀው ሲኖረው ነው። ዱካ ማጥፋቱስ ይሁን፣ ያስፈልግዎታል። ባንዲራ መትከሉ ግን ምንም አይጠቅምዎትም፤ እጅዎ ለምዶት ነው የተከለው። ኮፍያው ተቀዷል፤ ካርዱ ጠፍቷል። ካኔንግ ካርዱ እንዲታይ ትፈልግ ነበር፤ ለጸሐፊው ካርድ ምኑም አይደለም። ዳቮው በአምስቱም ካሸነፈ፣ አራት ተብሎ መጻፉ የጠቀመው አንድ ሰውን ብቻ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው!»

«ግምቱን ትቼዋለሁ። የትናንት ሱሪዎ ከአልጋዎ ሥር ተገኝቷል፤ እግሩ በዚህ ዘይት ተለውሷል። አሸዋ ከረገጡ ዓመት አልፎዎት የለ? የሲጋራ መተርኮሻዎ ውስጥ ደግሞ የወረቀት አመድ አለ።»

ቢትረስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሆኖም ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ቢጤ ብቅ አለ። «እንግዲያው ስለ ዳቮው ማስረጃ የለሽም።»

 እውነቱን ነው። ነፍሰ ገዳዩ ተይዟል፤ የሞተው ሰው ግን አሁንም አጭበርባሪ ነው።

ካኔንግ ወደ አሸዋው ገባች።  «ኦጋ ቢትረስ፣ የቅጣትዎን ነገር ፍርድ ቤት ይወቅበት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አራቱን ማን ጻፈው?»

ቢትረስ ሰዉን ዞሮ አየ። አብረውት ያረጁት ሁሉ ቆመዋል፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልመለሱለትም። ያ ፈገግታው ጠፋ።

«ቾሎም ትናንት ለመነኝ» አለ። «‹አንተው ተናገረው፤ ካርዱን እሰጥሃለሁ› አለኝ። ስሜ ግድግዳ ላይ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው! ጀርባውን ሲሰጠኝ ማለስለሻው እጄ ላይ ነበር።»

«የጠየቅኩዎት ሌላ ነው።»

«አምስት መምታቱን አይቻለሁ። አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ።» ቀና ብሎ ካኔንግን አያት። «ሲፈርም አመሰገነኝ።»

ካኔንግ የክለቡን በር አልፋ ስትሮጥ የከለከላት የለም። እናቷ መታሰሯን ሰምተው መጥተው፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ከተባረረ ወዲህ ያንን በር ረግጠው አያውቁም።

«እማ! አመነ! በሰው ሁሉ ፊት፣ ‹የጻፍኩት እኔ ነኝ› አለ! አባባ አላጭበረበረም!»

አሮጊቷ የልጃቸውን እጅ ይዘው ካቴናው የላጠውን አንጓዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ። «እኔ ባሌ አለማጭበርበሩን መች አጣሁት። ሂጂ ለእነሱ ንገሪያቸው።»