ሁለተኛው ሰማያዊ እራፊ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ሌሊት ቢሆን «እንቅልፍ ነው» ትሉኝ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቦታው ጫካ ነው።

የእኔና የታላቅ ወንድሜ ሥራ የሚቆረጥ ዛፍ መምረጥ ነው። ጋሼ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ ይመታና ጆሮውን ያስጠጋል። «ጠቅ» ካለ ውስጡ ሙሉ ነው፤ እኔ በነጭ ቀለም ቁጥር እጽፍበታለሁ፣ ቆራጮቹ በማግስቱ ይጥሉታል። «ዱ...ም» ካለ ባዶ ነው፤ እናልፈዋለን።

የሥራ ጓደኞቻችን ጋሼን «ጆሮ» ነው የሚሉት። በአሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ዛፍ እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እትዬ፣ ሚስቱ፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ጠዋት ስንወጣ «ወንድምህን አደራ፣ ዛፍ እንዳይወድቅበት» ብላኝ ነበር።

«ዛፍ ራሱ ይፈራዋል» ብዬ አሳቅኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!

41 ቁጥርን ጽፌ ጨረስኩ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ምን እንዳዞረኝ እንጃ... ዞር አልኩ።

ቁጥሩ ተነፈሰ።

አዎ፣ ተነፈሰ። ከፍ... ዝቅ...

ቀረብ ስል ክንፍ ነው። የእሳት እራት! ማታ ማታ አምፖል የሚዞረው ዓይነት፣ ግን ሁለት መዳፍ የሚያህል። የቅርፊቱ ስንጥቅ፣ የበቀለበት አረንጓዴ ነገር፣ ሁሉም ክንፉ ላይ አለ። የእኔ ጠማማ 4 እንኳ ሳትቀር!

«ጋሼ... ና እስቲ እዚህ» አልኩት በሹክሹክታ።

መጣ። አፍንጫው ሊነካው ምንም አልቀረው።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ይኸው! ይኸው እኮ!»

«ዛፍ ነው። ምን ሆነሃል አንተ?»

የእሳት እራቱ ብድግ ብሎ በረረ። ድምፅ የሚባል የለውም። ጋሼ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ያረፈበት ቅርፊት ንጹሕ ነው። ቁጥሩ የለም።

«መጻፍ ረስተህ ነዋ የምትቀባጥረው!» ብሎ ሳቀብኝ። ከልማዱ የተነሳ ግንዱን ደግሞ መታው።

ዱ...ም።

ሳቁ ጠፋ። እንደገና መታ።

ዱ...ም።

«ቅድም ሙሉ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ አልሆነልንም። እኔ ቅርፊቱን ሁሉ በጣቴ እየነካካሁ፣ በየሁለት እርምጃው ወደ ኋላ እየዞርኩ... እሱ የመታውን ዛፍ መልሶ እየመታ... ተመልሰን ስናይ 38 ባዶ ሆኗል። 39ም። ቁጥራቸውም ጠፍቷል።

«ጆሮዬ ከዳኝ መሰለኝ» አለ። አንጀቴን በላው።

«በቃ እንሂድ ጋሼ። ዛሬ እንሂድ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልቁል ጀመርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ያ አሮጌ ቡናማ ጃኬቱ ጀርባው ላይ ተቀዶ እትዬ በሰማያዊ እራፊ ጥፋለታለች። ቀለሙን የሚመስል ጨርቅም ክርም አልነበረ፤ በነጭ ክር ነው የሰፋችው። ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ በዚያ እራፊ።

እየሄድኩ ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር።

ሁለት እራፊ ነው።

ልብ በሉ፣ ጠዋት አንድ ነበር። አሁን ሁለት። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም በነጭ ክር የተሰፉ።

አንደኛው ተነፈሰ።

«ጋሼ... ቁም። እንዳትነቃነቅ።»

«ምንድን ነው?»

ባለ በሌለ ኃይሌ በመዳፌ መታሁት። አመለጠኝ፣ በረረ።

ከመዳፌ ሥር ግን... ከወንድሜ ጀርባ ውስጥ...

ዱ...ም።

ጋሼ አልዞረም።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«ዝንብ።»

ዋሸሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ምን ልበለው? ውስጥህ ባዶ ነው ልበለው?

እሱ ቤት ደረስን። እትዬ ራት አቀረበች። ጋሼ በላ። ተጨመረለት፣ በላ። ድስቱ ተሟጠጠ።

«ዛሬስ ጅብ ሆነህ መጣህ!» አለችው እየሳቀች።

«አልጠገብኩም» አለ። እሱ አልሳቀም።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ዓይኔ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ የወንበሩን ልብስ ሲያስስ እትዬ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «ምንም» ብዬ ወደ ቤቴ ልሄድ ተነሳሁ።

ጋሼ በር ድረስ ሸኘኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሚያደርገው አቀፈኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ፣ ነገ ይሻ...»

እጁ ቆመ።

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ወደ ትከሻዬ አስጠጋ... ልክ ለዛፍ እንደሚያደርገው። በጣቱ አንጓ ጀርባዬን ደግሞ አንዴ መታኝ።

«አንተም?» አለኝ በሹክሹክታ።

በትከሻው ላይ አሻግሬ እትዬን እያየሁ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታን፣ ያቺን ባለ አበባ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ሳህን ታነሳለች።

ከቀሚሷ አበቦች አንዱ...

ተነፈሰ።