ዶሪን ሬዲዮውን የዘጋች ዕለት

«ዳግመኛ ወንድሜ ብዬ ብጠራህ ምላሴ ይቆረጥ!» አለች ዶሪን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ክንፏን ትከሻዋ ላይ እያደላደለች።

ሌስተር የክንፉን አፍንጫ በሁለት እጁ ይዞ ነፋሱ እስኪስተካከል ይጠብቅላታል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር፤ እሷ ትሳደባለች፣ እሱ ዝም ብሎ ይይዛል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለመቆጣት ምክንያት አላጣችም። ዶሪን በሸራ ክንፍ ሥር በሆዷ ተንጠልጥላ የምትበር ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ሌስተር ደግሞ ተራራ ለተራራ መሮጥ ነፍሱ ነው። ውላቸው ቀላል ነበር፦ እሷ ስትበር እሱ በፒክአፕ ከሥር ከሥሯ እየተከተለ ካረፈችበት ያነሳታል፤ ሌላውን ጊዜ እንደ ልቡ ይሩጥ። ሰኞ ዕለት ጎማ ፈነዳ። ቅያሪውን ጎማ ለካስ «ጭነት እንዲቀል» ብሎ ቤት አራግፎት መጥቷል! ማክሰኞ ሸራውን ወጥረው የሚይዙትን ዘንጎች ያደሩበት ሞቴል ረስቷቸው ተራራው ጫፍ ድረስ ወጡ። ያለ ዘንግ ክንፉ ጨርቅ ነው። ረቡዕ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ሊሮጥ ሄደና፣ ሲመለስ ነፋሱ ተበላሽቶ ጠበቀው። ሐሙስና ዓርብ መብረቅና በረዶ ወረደ። ይኼኛው እንኳ የሱ ጥፋት አይደለም፤ ዶሪን ግን እሱ ላይ ነው የጻፈችው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የዓመት ፈቃዷ ማለቂያ። ከቢሾፕ ከተማ በላይ ተነስታ፣ የኋይት ተራሮችን ጀርባ ይዛ ጎረቤት ግዛት ኔቫዳ መግባት ስንት በጋ ያንገበገባት ምኞት ነው። ወይ ዛሬ ይሆናል፣ ወይ ሌላ ዓመት ይቃጠላል።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? ሹፌር ምን ይሠራልሻል?» አለ ቦይድ ከጎኗ። ቦይድ ብቻውን የሚበር ሰው ነው፤ ያረፈበት ያርፍና የመንገደኛ መኪና ለምኖ ይመለሳል፤ በዚያም ይኮራል። «ቢራ ገዝቼ ኔቫዳ እጠብቅሻለሁ!» ብሏት፣ እንደሷው ብርቱካናማ የሆነውን ክንፉን ተሸክሞ ቁልቁል ሮጠና ተነሳ።

ዶሪንም ተከትላው ሮጠች። መሬቱ ከእግሯ ሥር ሸሸ።

«ዶሪን፣ ወደ ግራ አትጠጊ፣ እዚያ ጋ አየሩ...» አለ የሌስተር ድምፅ በሬዲዮ።

«ኤጭ! አሁን ደግሞ አስተማሪ ሆነ!» ብላ ሬዲዮውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ከገደሉ ሽቅብ የሚፈላው ሙቅ አየር እንደ ሰፌድ እህል አበጠራት። ክንፉ ተንቋቋ፤ እጇ በብርድ ደነዘዘ። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ እየተሽከረከረች ከጫፎቹ በላይ ወጣችና ወደ ሰሜን ቀዘፈች። አንዱን ሸለቆ አለፈች፣ ሌላውን ዘለለች። በመጨረሻ ባውንደሪ ፒክ ከሚባለው ተራራ ወዲያ የኔቫዳ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘረጋላት። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሹፌሯ የት ደረሰ ብላ ወደ ኋላ ብታይ፣ ፒክአፑ አንድ ሸለቆ አፍ ላይ ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው የለም።

«ሮጠ! ዛሬም ሊሮጥ ሄደ!» ቆሽቷ አረረ። ሬዲዮውን ከፈተች። «ሌስተር! አንተ ከርፋፋ! የት ነው የገባኸው?»

ጭጭ።

«እንግዲህ እዚያው ድረቅ!» ብላ ወደ ኔቫዳ ገፋች። ያ የተከፈተ በር ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ሊሮጥ የሚሄድ ሰው ውኃ ይጠጣል፣ የጫማ ክሩን ያጠብቃል። በሩን በርግዶ የሚሄድ የደነገጠ ሰው ነው። አሁን ከዞረች ያን ከፍታ መልሳ አታገኘውም፤ የዓመቱ በረራ አለቀ ማለት ነው። እየተራገመች ዞረች።

ሸለቆው ውስጥ ቁልቁል የሚደፍቀው አየር እንደ ድንጋይ አወረዳት። በዚያ መሃል አየችው፤ ብርቱካናማ ክንፍ ቋጥኝ ላይ ተሰባብሮ፣ ሌስተር የውኃ ጀሪካን አንጠልጥሎ እየወደቀ እየተነሳ ወደዚያ ሽቅብ ሲሮጥ።

«ዶሪን! ዶሪን! አይዞሽ፣ መጣሁ!» ይላል።

«ሌስ! እኔ እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ ነፋሱ ቃሏን ነጠቀው። ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ተወረወረች። የክንፏ አፍንጫ ድንጋይ መትቶ ተሰበረ። ከማንጠልጠያው ተፈታ ወደ ላይ ወጣች።

ስትደርስ ሌስተር ቦይድ አጠገብ ተንበርክኳል። የቦይድ ጭኑ ተሰብሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሌስተር ቀና ብሎ እህቱን አያት።

«ሬዲዮሽን ለምን ዘጋሽ?»

«እኔ...»

«ያንቺ መስሎኝ የሱን ክንፍ ስከተል ነበር! ሲወድቅ አየሁት! ጠራሁሽ፣ ጠራሁሽ! ሬሳሽን ላነሳ ነው የሮጥኩት፣ ገባሽ? ሬሳሽን!» ያ ሳምንቱን ሙሉ ስድብ የጠጣ ሰው በቁጣ ተንቀጠቀጠ፤ እንባውም ወረደ።

«ስትጨርሱ... እኔም አለሁ» አለ ቦይድ እያቃሰተ።

ከዚያ ገደል ሬዲዮ አይወጣም። የሌስተር ቁርጭምጭሚት አብጦ ዳቦ አክሏል። መሮጥ የምትጠላው ዶሪን መሮጥ ነበረባት።

«ቁልፉስ?»

«መኪናው ላይ ነው። ማን ቁልፍ አስታወሰ!»

ወረደች። ከባዱ የበረራ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው። መንገዷ ላይ መርዘኛ እባብ ተጠቅልሎ ጅራቱን እንደ ቃጭል አንኳኳ።

«ዞር በል ከፊቴ!» ብላ ጮኸችበትና በላዩ ዘላ አለፈች። ሳንባዋ ነደደ። ፒክአፑ ዘንድ ደርሳ፣ ስልክ እስኪሠራ ድረስ በአቧራው ከነፈች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄሊኮፕተር መጣ። ሌስተርን ዶሪን ተመልሳ የምትጠብቅበት ሸለቆ አፍ ላይ አውርዶት ቦይድን ይዞ በረረ። በኋላ እንደተነገራቸው፣ ቦይድ አንዲት ሌሊት እዚያ ቢያድር አይነጋለትም ነበር።

ሌስተር ፒክአፑን አልፎ እያነከሰ መንገዱን ያዘ። ዶሪን ያቆሰላትን ጫማ አውልቃ በባዶ እግሯ ከኋላው ሮጠች።

«ወዴት ነው? ግባ!»

እያነከሰ መንገዱን ቀጠለ።

«ይቅር በለኝ!»

ዝም።

«ይቅር በለኝ አልኩህ እኮ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

ዞረ። «እየተሳደብሽ ነው ይቅርታ የምትለምኚው?»

«ሌላ አላውቅበትም!» አለች ጮኻ፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ሌላ አላውቅበትም፣ ወንድሜ። ያ በር ተከፍቶ ሳየው... ሞተህ ቢሆንስ?»

ሌስተር አቧራ የጠጣውን ፊቷን፣ የደማ እግሯን ቆም ብሎ አየ። ከዚያ ተመልሶ ፒክአፑ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።

«ንጂ» አላት፤ «እግሬን አሞኛል።»