ጨረር አለበት የተባለው ሙዝ

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ሳምራዊት የሞተችው ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ በጃፋር የሙዝ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ፣ የላምባ ምድጃው እየጨሰ፣ የጨረር መለኪያዋን እንደጨበጠች ተገኘች። ደጅ የተሰበሰበው ሰው ግን ፍርዱን ጨርሷል። «ጨረሩ ገደላት! መጋዘኑ ይቃጠል!» ወሬ ከሆነ መርካቶን ማን ይቀድመዋል!

ኢንስፔክተር አልጋነሽ ሕዝቡን ገፍታ ገባች። ክፍሉን የሞላው ሙዝ ቢጫ ነበር። አንዱን ጫን አድርጋ አየችው፤ ለገበያ ደርሷል።

«ጋሼ ጃፋር፣ ልጅቷን ‹እግርሽን እሰብረዋለሁ› ብለዋታል?»

«ብያለሁ! ቤተ ሙከራቸው ሙዜን ጨረር አለበት ብሎ አገር ሰማብኝ። ቤቴ ሊዘጋ ነው! ታዲያ ገደልኳት ማለት ነው?»

ሚስቱ ሀፍሷ አቋረጠችው። «ወላሂ፣ ትናንት ደውላልን ነበር! ‹ስህተቱ የኛ ነው፤ ደግሜ ለክቼ በአደባባይ እናገራለሁ› አለች። እሷን ገድለን ማን ስማችንን ሊያጠራልን ነው?»

የሳምራዊት አለቃ ዶክተር ጥጋቡ የኮቱን አቧራ እያራገፈ ተጠጋ። ሰውየው ሐዘን የነካው አይመስልም።

«አብረን ነው የመጣነው፤ እኔ ደጅ ስልክ ላይ ነበርኩ። እነዚህ ግድየለሾች ሙዙን ጭስ ላይ አድርገውት ነበር። ሳይነግሯት ገባች፤ ሳያዩ ቆለፉባት።»

አልጋነሽ ሦስቱንም በሩ ላይ አቆመቻቸው።

«ላምባ የሚጨስለት ጥሬ ሙዝ ነው። አረንጓዴው ሲገባ ምድጃው ይለኮሳል፣ በሩ ይዘጋል። ይሄ ግን በስሎ አልቋል፤ ጭስ ቢጨመርበት ጠቁሮ ይበላሻል። ከዚህ ቤት ማንም እንዲህ አያደርግም። ምድጃውን ለኩሶ በጭስ ያፈናት ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። ‹ጭስ ላይ ነበር› ያሉኝም እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«መለኪያውን ከፍቼ አይቻለሁ። ባዶው ግቢ ውስጥ የለካችውና ሙዙ አጠገብ የለካችው እኩል ለማለት ይቻላል። ትንሽ ጨረር በአፈሩም በድንጋዩም አለ። እርስዎ ያንን ሳይቀንሱ ሁሉንም ሙዙ ላይ ጫኑት። ስህተቱን ስታገኘው ለማን ነገረች? ለአለቃዋ!»

«ለአንድ ስህተት!» ጮኸ ጥጋቡ። «ለአንድ ስህተት ዕድሜ ልክ የሠራሁትን ስም ልታጠፋ? ለመንኳት እኮ! እምቢ አለች!»

እጁ በካቴና ታሰረ። አልጋነሽ ደጅ ወጥታ ሙዙ ንጹህ መሆኑን ተናገረች። መጋዘኑ ይቃጠል ሲል ከነበረው ሕዝብ መሃል አንዷ፣ «ታዲያ ዛሬ ኪሎው ስንት ነው?» አለች።

ጃፋር ቀኑን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ሲናፍቅ ነበር። አሁን ግን ተቆጣ።

«ይበስብስ! ልጅቷ ሳትቀበር ከዚህ ቤት አንድ ፍሬ አይወጣም!» ብሎ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋው።