የላቦራቶሪ ጓደኛዋ

መነጽር ሠሪው ቀናተኛ ሰው መሆኑን ያወቀው እጮኛው ለክረምት ሥልጠና ከሄደች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቢጠይቁት «እኔ? በጭራሽ!» ብሎ ይምል ነበር።

የተዋወቁት እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። እሷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ናት። መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት ለሁለት ስለተሰበረ፣ ቁርጥራጩን በመሀረብ ጠቅልላ መጣች። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ዓይኗን ይለካ ጀመር። እሷ ግን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ማንበቡን ትታ፣ ብርሃን ሌንስ ውስጥ ሲገባ ለምን አቅጣጫ እንደሚቀይር ታስረዳው ጀመር።

«እባክሽ ፊደሉን አንብቢልኝ» አላት።

«ሩቁ አይታየኝም። ቅርብ ያለውን ግን በደንብ አያለሁ» አለች እሱን እያየች። ከዚያ ያለችው ነገር ገባትና ፊቷን በመሀረቡ ሸፈነች።

መነጽሩ በማግስቱ ተሠርቶ አለቀ። እሷ ግን አንዴ ብሎኑ ላላ፣ አንዴ አፍንጫዬን ቆረቆረኝ እያለች መመላለሷን አልተወችም። ዓመት ሳይሞላ ቀለበት አሰረላት።

ክረምቱ ሲገባ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሳይንስ አስተማሪዎች በቅንጣት ፊዚክስ ላይ ሥልጠና እንደሚሰጥ ሰማች። አመለከተች፤ ተቀበሏት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። ምንም ቅር አላለውም።

ነገር የመጣው በስልክ ነው። እሷ በደስታ ትንፋሽ እያጠራት ታወራለች። ሠልጣኞቹን ሁለት ሁለት አድርገው መድበዋቸዋል። ከእሷ ጋር የደረሰው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። «የላቦራቶሪ ጓደኛዬ እኮ ጎበዝ ነው» ትላለች። «የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ዛሬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» ትላለች።

ሱቁ ውስጥ ሒሳብ የምትቀበለው ታናሽ እህቱ ናት። ነገር መቆስቆስ ትወዳለች።

«ይሄ ሰውዬ ስም የለውም እንዴ?» አለችው አንድ ቀን፣ ስልኩን ሲዘጋ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ስሙ ሲጠራ የሚያስፈራ ነገር ይሆናላ!»

«አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!»

የዚያን ዕለት ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛ የቀኙን ሌንስ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጠመላቸው። ሰውየው መነጽሩን አድርገው ግድግዳውን አዩ፤ አውልቀው እሱን አዩትና «ልጄ፣ ያመመህ ነገር አለ እንዴ?» አሉት።

ያመመው ነገርማ ነበር። እንጀራ አልዋጥ አለው ማለት ይቀላል፤ እሱ ግን ውሃውም አልወርድ ብሎታል። ሲተኛ አንድ ፊቱን የማያውቀው ሰው ከእጮኛው ጋር ይስቃል። በመጨረሻ ሱቁን ለእህቱ ትቶ፣ ለእጮኛው ሳይነግራት አውቶቡስ ተሳፈረ።

ዩኒቨርሲቲው ሲደርስ ዘበኛው የፊዚክስ ሕንፃውን አሳየው። ረጅሙን ኮሪደር ይዞ ሲሄድ ሳቋን ሰማ። የእሷ ነው፤ ከሺህ ሳቅ ይለየዋል። የሳቋ ድምፅ የመጣበት በር ላይ «መብራት አታብሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

በሩን በርግዶ ገባ።

የኮሪደሩ ብርሃን ጨለማው ክፍል ውስጥ ፈሰሰ። ሁለት ሰዎች አንድ የመስታወት ሣጥን ላይ አጎንብሰዋል። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«በሩን ዝጋው!» ጮኸች እጮኛው ቀና ሳትል። «ሁሉን ነገር አጠፋህብን እኮ!»

ከዚያ ቀና አለች። አየችው። የያዘችው የእጅ ባትሪ ወደ መሬት ተዘቀዘቀ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ የኬሚስትሪ አስተማሪው እጁን ዘርግቶ። ረጅም ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ጣቱ ላይ ቀለበት የለም። መነጽር ሠሪው ሦስቱንም በአንድ እይታ ጨረሰ። እጁን ሲጨብጠው አጥብቆ ነው የጨበጠው።

እሷ ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ፣ ወደ ደረጃው አወጣችው።

«ልትሰልለኝ ነው የመጣኸው?»

«ናፍቀሽኝ ነው።»

«የናፈቀው ሰው እንደ ፖሊስ በር በርግዶ አይገባም።»

«ይወድሻል?»

ባትሪውን አጠፋች።

«ትናንት ነግሮኛል» አለች። «እጮኛ እንዳለኝ እያወቀ ነገረኝ። አይሆንም አልኩት። ሥራችንን ቀጠልን።»

«አንቺስ?»

«እውነቱን ልንገርህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ልቤ አልሄደም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ስናገር አፍ አፌን እያየ ይሰማኛል፤ መሰማቱ ነው ደስ ያሰኘኝ። አንተ ስደውልልህ ‹በላሽ? በረደሽ? መቼ ትመጫለሽ?› ነው የምትለኝ። ምን እየተማርሽ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ብትነግሪኝ አይገባኝም ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አስረድተሽኝ ሳይገባኝ ሲቀር፣ ስትሰለቺኝ ማየት ፈራሁ።»

እጁን ይዛ አስነሣችውና ወደ ክፍሉ መለሰችው።

የኬሚስትሪ አስተማሪው ጃኬቱን እያነሳ ነበር። «ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ ሳያልቅ ብታዩ ይሻላል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶባቸው ወጣ። መነጽር ሠሪው ሊጠላው ሞከረ። የተዘጋውን በር እያየ ግን ሆዱ ለሰውየው ራራ፤ ይህም ራሱ አናደደው።

ባትሪውን በሣጥኑ ጎን አበራችለት። መጀመሪያ ምንም አልታየውም። ቀጥሎ በጥቁሩ መደብ ላይ፣ ጉም መሳይ ተን ውስጥ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ መስመር ታየና ጠፋ።

«ምንድን ነው?»

«ሙዮን ይባላል። ከአቶም እንኳ እጅግ ያነሰ ቅንጣት ነው። ከላይ ከሰማይ መጥቶ፣ ጣሪያውን አልፎ፣ እኛንም አልፎ ይሄዳል። ሣጥኑ ውስጥ የአልኮል ተን አለ። ሙዮኑ ሲያልፍ ተኑ በመንገዱ ላይ ወደ ጠብታ ይለወጣል።»

«እኛን አልፎ? በእኔ ውስጥ?»

«አሁን እያወራን በውስጥህ እያለፈ ነው።»

ደረቱን ዳሰሰ። «አልገባኝም» አለ።

እንደገና አስረዳችው።

«አሁንም አልገባኝም።»

በባትሪው ብርሃን ፊቷን ሰርቆ አየ። አልሰለቸችም። ወንበሯን አስጠግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። በመሃል አንድ አጭር ወፍራም መስመር ብልጭ ሲል ሁለቱም እኩል «ያው!» ብለው ጮኹና ሳቁ።

አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ተራ ሸኘችው።

«ከሌላ ሰው ጋር መድቡኝ ልበላቸው?» ስትል ጠየቀችው። «ከፈለግህ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

አዎ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሣጥኑ ላይ አጎንብሳ የሳቀችው ሳቅ ትዝ አለው።

«አትንገሪያቸው» አለ። «ሥራሽን ጨርሺ። እኔ ግን እቀናለሁ፤ አልዋሽሽም።»

«ቅና» አለችው፣ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች። «ግን ቀንተህ ዝም እንዳትል። ንገረኝ።»

አውቶቡሱ ተነሣ። መንገዱን ሙሉ እየቀና ሄደ፤ ወርዶ ለመመለስ ግን አልተነሣም።

ትምህርት ቤት ሳይከፈት ተጋቡ። የኬሚስትሪ አስተማሪውን፣ የጥሪ ወረቀት በእጁ ጽፎ የጠራው ራሱ መነጽር ሠሪው ነበር። ሰውየው አልመጣም። ባለመምጣቱ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። ጭፈራው መሃል ወደ ሙሽራይቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ነገራት።